የክፍል ሠላሳ አራት አዳማጭ

ሥራዬ ማዳመጥ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ልጆች ሳይንስ በሚማሩበት ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ነው፤ እዚህ ሥራ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ።

ልጆቹ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባሉ። ወንበሮቹ ፊታቸውን ወደየአቅጣጫው አዙረው የተተከሉ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ገጽ ማየት የለበትም። እያንዳንዱ ልጅ ፊት ለፊቱ የሚበራ የራሱ ገጽ አለው። ገጹ የልጁን ስም፣ የሚወደውን፣ የሚሰለቸውን ያውቃል፤ የሳይንስ ቪዲዮውንም በዚያ ልክ ይሰፋለታል። የከድር አተሞች ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። የነጃት አተሞች ሚዜዎች ናቸው፤ ሙሽራዋን ከብበው ይዞራሉ። በእረፍት ሰዓት ስለ ትምህርቱ ብዙም አያወሩም፤ ቢያወሩም አይግባቡም። አንድ ቀን ከድር «ኤሌክትሮን ቀይ ካርድ ካየ ይወጣል» ሲላት፣ ነጃት «ያንተዎቹ ባለጌ ስለሆኑ ነው፤ የኔዎቹ ተሸኝተው ነው የሚወጡት» አለችው። ሁለቱም ፈተናውን አልፈዋል። ፈተናውም የየራሳቸው ነው።

ከፊቴ ሁለት ቁልፎች አሉ። ልጅ ሲገረም እሰማለሁ፤ ያኔ ስሙን ነክቼ «ተደነቀ» የሚለውን እጫናለሁ። ድምፁ ሲጠፋብኝ «ጠፋ» የሚለውን እጫናለሁ። ሌላ ቁልፍ የለም። ገጾቹ የተጫንኩትን ይዘው ራሳቸውን ያሻሽላሉ። ድሮ ይህን ካሜራ ነበር የሚሠራው፤ ልጆቹ ዓይናቸውን ከፍተው መተኛት ሲለምዱ ጊዜ ሰው ተፈለገ። እኔ ልጅ ሳለሁ ዓይኔን ታምሜ ሁለት ዓመት ያህል በድምፅ ብቻ ነው የተማርኩት። ማዳመጥን ማንም ያስተማረኝ የለም፤ ጆሮዬ በዚያው ቀረ። ጠዋት ጠዋት ከመቀመጤ በፊት ቀስ ብዬ አማትባለሁ፣ ከዚያ እጄን ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ።

በመጋቢት ሁለተኛው ማክሰኞ ነጃት እንድሪስ ቀረች።

አራት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት መጣች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ልጆቹን እንዳትረብሽ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲዋ ነው የገባችው። ወደ ጎን ክፍል ወሰደችኝ።

«ጋሽ ለይኩን እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ትርሲት እባላለሁ፣ ከዕይታ ቁጥጥር ቢሮ። ስለ ነጃት ነው።»

ነገሩን አጠር አድርጋ ነገረችኝ። ቧንቧ አራት ቀን ጠፍቶ ነበር። ነጃት ከቦርከና ወንዝ ውኃ ቀዳች። በተማረችው መሠረት በተፈጨ የሽፈራው ዛፍ ፍሬ አጠራችው። የጠራውን በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ ጀርሙ በፀሐይ እንዲሞት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አጋደመችው። ከዚያ አውርዳ ለአራት ዓመት ወንድሟ ሰጠችው። ሕፃኑ በተቅማጥና በትውከት ጤና ጣቢያ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«ጠርሙሱ ጣሪያ ላይ ስንት ሰዓት ቆየ?» አልኩ።

«ሰዓት? አንድ ኩባያ እስክታጥብ ነው የቆየው። ትምህርቱ ከጧቱ ሦስት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ይናገራል፣ ያሳያል። ልጅቷ አላየችም። እርስዎም መስክረዋል።»

«እኔ ምን መሰከርኩ?»

የእጅ ሰሌዳዋን ወደ እኔ አዞረችው። «ሰባት ማክሰኞ፣ ሰባት ክለሳ። ሰባቱንም ጊዜ፣ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ‹ጠፋ› ብለዋል። ይኸው ስሟ፣ ይኸው የእርስዎ ጣት።»

እውነት ነው። ጣቴ ነው።

ቅጹን አወጣች። «ምክንያት» በሚለው ሥር ሦስት ሳጥን አለ፤ ተማሪ፣ ቤተሰብ፣ ያልታወቀ። የመጀመሪያው ላይ ምልክት ተደርጎበት ነው የመጣው። ከሥሩ «አዳማጭ፣ ፊርማ» ይላል። ከተፈረመ የነጃት ገጽ ይዘጋል። ገጹ የተዘጋበት ልጅ ሳይንስ የሚማርበት ሌላ ቦታ የለም፤ የመጨረሻው መጽሐፍ ከታተመ አርባ ዓመት አልፎታል፣ የመጨረሻው መምህርም ጡረታ ወጥቷል። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ፋብሪካ ውስጥ ማሸጊያ ላይ ትመደባለች።

«ቪዲዮውን ልየው» አልኩ።

«ምን ችግር አለ፣ አብረን እንየው።»

እሷ በራሷ ሰሌዳ፣ እኔ በክፍሉ ገጽ፣ እኩል ከፈትን። ለእኔ የመጣው ቪዲዮ ቀስ ያለ ነበር። የሽማግሌ ድምፅ፣ ወንጌል እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብሎ፣ «ጠርሙሱን ከጧቱ ሦስት ሰዓት አኑረው፤ እስከ ዘጠኝ አትንካው» ይላል። ከሩቅ የደወል ድምፅ አለ። የጠርሙሱ ጥላ በቆርቆሮው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ግን አላማረኝም። ደወል እንደምወድ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጥላው መንገዱን ሳያጋምስ ትርሲት ሰሌዳዋን ዘጋች።

«አለቀ። አዩት አይደል?»

«የኔ ገና ነው።»

«ያው ነው። ለየሰዉ ይመጠናል እንጂ ይዘቱ አንድ ነው።»

«በእርስዎ ላይ ጥላው ስንት ጊዜ ወሰደ?»

«የምን ጥላ?» አለች።

የዘጋችውን ሰሌዳ አየት አደረገች። «ሰዓቱን ግን ብሏል። ሦስት እስከ ዘጠኝ። ተጽፎ አይቼዋለሁ።»

«የነጃትን እንየዋ።»

«እሷ ካልተቀመጠችበት የሷ አይመጣም። በምርመራ ላይ ያለ ገጽ ደግሞ አይከፈትም።»

«እንግዲያው እርስዎም እኔም ሳናየው ነው የምንፈርመው?»

«እኔ አልፈርምም፤ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት» አለችና ወደ በሩ ሄዳ ጫማዋን አጠለቀች። «እስከ ነገ አራት ሰዓት።»

ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። እናትየዋ ወይዘሮ ሉባባ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኑ አንዋር ግሉኮስ ተሰክቶለት ተኝቷል፤ ነጃት እግሩ ሥር ቆማ የጠብታውን አወራረድ ታያለች።

«አንቱ ነዎት የክፍሉ አዳማጭ?» አለችኝ እናትየዋ።

«እኔ ነኝ። እግዜር ይማረው።»

«አሚን። ዛሬ አላስቀመጠውም፣ አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ ላይ ታች አየችኝ። «አሥራ አንድ ዓመት ሰው ሲተነፍስ ተቀምጠው ይሰማሉ አሉ። ይከፈልዎታል?»

«ይከፈለኛል።»

«እኔ የአንዋርን ትንፋሽ ሦስት ቀንና ሌሊት በነጻ ሰማሁ።»

ነጃትን ጠራኋት። መጣች፤ ዓይኗን ግን ከመሬት አላነሳችም።

«ጋሼ፣ ገጼን ሊዘጉት ነው አይደል?»

«ገና ነው። ትምህርቱን ንገሪኝ። ያለ ገጽ፣ በቃልሽ። እኔ ልስማ።»

ግድግዳው ላይ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። «ውኃው ሰርግ ቤት ነው። ጀርሞቹ ያልተጠሩ እንግዶች ናቸው፣ ምግቡን ይጨርሳሉ። ሽፈራው ሲገባ ቆሻሻው ተጠራርቶ ወደ ታች ይቀመጣል። የጠራውን በጠርሙስ ቀድቶ ጣሪያ ላይ ማጋደም ነው። ፀሐይ የሙሽራው እናት ናት። ትመጣለች፣ ጀርሞቹን ታያቸዋለች፣ ታባርራቸዋለች። እልል ይባላል።»

«እንዳጋደሙት ወዲያው ትመጣለች?»

«ወዲያው።» ዓይኗን ገለጠች። «የመጀመሪያ ቀን ግን እንደዚህ አልነበረም።»

«እንዴት ነበር?»

«ጥላ ነበር። የጠርሙሱ ጥላ። ረዥም ነው፣ ምንም አይሆንም፣ ጥላው ብቻ ይሄዳል። የቆርቆሮውን ሸንተረር እየቆጠርኩ አየሁት። አሥራ አራተኛው ላይ ነው ያቆመው። በዚያ ጊዜ ትንፋሼንም የረሳሁት ይመስለኛል፣ ጥላው ሲዘል እንዳያመልጠኝ።»

«በሳምንቱስ?»

«በሳምንቱ ሰባተኛው ላይ ቆመ። ከዚያ ሦስተኛው ላይ። እያጠረ እያጠረ ሄደ፤ በመጨረሻ እልልታው መጣ።»

«ሰዓቱን አልተናገረም?»

«የመጀመሪያ ቀን ብሎ ይሆናል። ጥላው ሲያጥር ሰዓቱም አብሮ ሄደ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም?»

«ማንን?» አለች። በድፍረት አልነበረም፤ የምር ነው የጠየቀችኝ።

እናትየዋ ተጠጋች። ነጃት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትምህርቱ ታደሰ ነው ያልኩት፣ ጋሼ። ሁሉም ነገር ሲታደስ ይፈጥናል አይደል። አዲስ መንገድ አግኝተው ነው፣ አሮጌው ቀርቷል አልኩ። አንዋር ጠማኝ እያለ ነበር። አሮጌውን ብይዝ ኖሮ ስድስት ሰዓት ሙሉ ላስጠማው ነው?»

ይህን ስህተት በእኔ ዘመን የተማረ ሰው አይሠራውም። እኛ ያጠረ ነገር ስናይ የተቆረጠ ነው እንላለን። እነሱ የተሻሻለ ነው ይላሉ።

«ልጄ ዝም ስትል» አለች ወይዘሮ ሉባባ፣ «አንቱ ምን ይሉ ነበር?»

«ጠፋች እል ነበር።»

«እዚያው ፊትዎ ተቀምጣ?»

«እዚያው ፊቴ ተቀምጣ።»

በማግስቱ ልጆቹ ሳይገቡ አንድ ሰዓት ላይ ክፍል ደረስኩ። የአሥራ አንድ ዓመት የቁልፍ መዝገቤን ከፈትኩ። ማንም አይከለክልም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ከፍቼው አላውቅም ነበር። ከእያንዳንዱ «ጠፋ» ጎን አንድ መስመር ጽሑፍ አለ፤ «በእርስዎ ጥቆማ ተሻሽሏል። እናመሰግናለን።» ከነጃት ስም ጎን ሰባት ምስጋና ቆጠርኩ። የቆረጥኩት ጥላውን ብቻ አይደለም። ባቄላ ሲበቅል የነበሩት ስድስት ቀናት ጠፍተዋል፤ ዘሩ አፈር ሲነካ ቅጠል ያወጣል። የጨው ውኃ ደርቆ ብርጭቆ ላይ ጨው የሚቀርበት ሳምንት የለም። ጨረቃ በአንድ እስትንፋስ ትሞላለች። እነዚያ ሁሉ ቦታዎች ላይ ክፍሉ ዝም ይል እንደነበር ትዝ ይለኛል። ያን ዝምታ እወደው ነበር፤ ቅዳሴ ላይ የጸሎት ሰዓት እንዳለው ዓይነት ዝምታ ነው። እወደው ነበር፣ ግን ቁልፍ ስላልነበረው «ጠፋ» እለው ነበር።

አንድ ጥርጣሬ ግን ከእኔ ጥፋት አልፎ ሄደ። ሁለት ቁልፍ ብቻ ያደረገው ሰው ሦስተኛውን ረስቶት ነው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም «ዝም ብሎ የሚያይ ልጅስ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ምስጋና ግን በየቀኑ ነው የላኩልኝ።

ትርሲት በአራት ሰዓት መጣች። ዛሬ ጫማዋን አላወለቀችም።

«ፈረሙ?»

«ሳጥኑ አይበቃም።»

«ሦስቱ ናቸው የተፈቀዱት።»

«አራተኛ በእጄ ሳልኩበት።» ቅጹን ሰጠኋት። ከሦስቱ በታች አንድ ሳጥን አለ፤ ከጎኑ «አዳማጭ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከሥሩም፦ ተማሪዋ ሰባቱንም ጊዜ በትኩረት ትከታተል ነበር፤ ዝምታዋን ጠፋች ብዬ የተጫንኩት እኔ ነኝ፤ በዚህም ምክንያት የመጠበቂያው ጊዜ ከገጿ ላይ ተቆርጧል፤ ለይኩን ማሞ።

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ጋሽ ለይኩን፣ ይኼ ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ? በእርስዎ ጆሮ ያለፈ ትምህርት ሁሉ እንደገና ይመረመራል። ከሥራ ይወጣሉ።»

«አውቃለሁ።»

«‹ያልታወቀ› ላይ ምልክት ያድርጉና ይተዉት። ልጅቷ በማስጠንቀቂያ ታልፋለች፣ እርስዎም ይቆያሉ። ማንም አይጎዳም።»

«በሚቀጥለው ማክሰኞ ዝም ስትልብኝ ምን ልጫን?»

ቅጹን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው። ቆይታ፣ የሥራ ባልሆነ ድምፅ፣ «እኔም ልጅ አለችኝ» አለች። «ደሴ ነው የምትማረው። አራተኛ ክፍል።»

«እግዜር ያሳድግልዎ።»

«የሷን ክፍል የሚያዳምጠው ሌላ ሰው ነው።»

«ሌላ ሰው ነው።»

«እሱስ?»

«እሱም ሁለት ቁልፍ ነው ያለው» አልኳት።

ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ሳይሆን በእጇ ይዛ ወጣች።

ውሳኔው አርብ ዕለት በገጼ መጣ። የነጃት እንድሪስ ገጽ ተከፍቷል፤ ጥፋቱ የአዳማጩ ነው። አንዋር ሐሙስ ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ነበር። ስለ እኔ የተጻፈው ሁለት አንቀጽ ነው። የመጀመሪያው አገልግሎቴ ከሰኞ ጀምሮ የተቋረጠ መሆኑን ይገልጻል። ሁለተኛውን እንዳለ ልጻፈው፦ «በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያከናወኗቸው አራት መቶ ሺህ ያህል ምልክቶች ለሥርዓቱ ሥልጠና በቂ ሆነው ተገኝተዋል። ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ሠላሳ አራትና ሌሎች ሁለት መቶ አሥር ክፍሎች በእርስዎ ጆሮ ይደመጣሉ። እናመሰግናለን።»

እንደገና አነበብኩት። ይመረመራል የተባለው ትምህርት ስሙም አልተነሣም። ጥፋተኛ ነው ብለው ያባረሩትን ጆሮ ነው ለሁለት መቶ አሥር ክፍል ያደሉት። ለትርሲት ጻፍኩላት። «ደርሶኛል፣ ለበላይ አቅርቤዋለሁ» የሚል መልስ መጣ። ከዚያ በኋላ የጻፍኩላት አልደረሳትም፣ ወይም ደርሷታል።

ሦስት ሳምንት ቤት ዋልኩ። አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነጃት በራፌ ላይ መጣች። እናቷ የላከችውን ሳምቡሳ በሳህን ይዛለች።

«‹ጾም ላይ ናቸው፣ ሥጋ እንዳይኖረው› ብላ በምስር ነው የሠራችው።»

«አላህ ይስጥልኝ በያት። አንዋርስ?»

«ይሮጣል። አሁን ውኃ ስሰጠው መጀመሪያ አንቺ ጠጪ ይለኛል።» ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ በእርስዎ ጆሮ ነው የሚሰማን አሉ።»

«እንደዚያ ብለውኛል።»

«ዝም ስል ጠፋች ይላል።»

«እኔም እል ነበር።»

«ለእሱ መላ አገኘሁለት።» ዙሪያዋን አየት አደረገች። «ገጼ ሲከፈት ጥላውን መልሰውልኝ ነበር። እንደገና ሊያሳጥሩት እንደሆነ ስላወቅኩ፣ ጥላው ሲመጣ እደነቃለሁ። ሳልደነቅ።»

«ስንቴ?»

«በየሸንተረሩ።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። «ታዲያ ቆየ?»

«ሦስት ሳምንቱን ሙሉ አሥራ አራቱም ሸንተረር አሉ። ሰዓቱንም ይናገራል። ለከድርም አሳየሁት፣ እሱም ለባቄላው ቀናት እየሠራበት ነው። እሱ ግን ያበዛዋል፤ ጎል የገባ ነው የሚመስለው። ባቄላውን እንዳያስቆርጥብን ፈራሁ።»

እንዲህ ማስመሰል ሐሰት መሆኑን አውቃለሁ። ለንስሐ አባቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ሳህኑን አስቀመጥኩ።

«እስቲ አሰሚኝ» አልኳት።

አፏን ከፍታ ትንፋሿን ሳበች።

«ይታወቅብሻል።»

«ምኑ?»

«አፍሽ ቀደመ። ሰው ሲደነቅ በመጀመሪያ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። አፍ የሚከፈተው ዘግይቶ ነው። ያ ጆሮ እኔ ነኝ፣ አልታለልም።»

ደገመችው። «አሁንስ?»

«ቸኮልሽ። ልቀቂው እንጂ አትግፊው።»

ሦስተኛው ከድርን መሰለ። አራተኛው ደህና ነበር፣ መጨረሻው ላይ ሳቀችበት እንጂ። ከዚያ ተወችውና ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ፊት ለፊት የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ አለ፣ ፀሐዩ ወደ ማዘንበሉ ነው። እኔም ዓይኔን ወደዚያው አደረግኩ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

ድንገት ትንፋሿ ቆመ፤ ቆየት ብሎም ቀስ ብሎ ወጣ።

«ይኼኛውስ ጋሼ?» አለችኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬ ውስጥ ደጋገምኩት። የእውነት ይሁን የማስመሰል፣ ይኼኛውን አልለየሁትም።